የቴስታታ ጋስኬት ለውድድር መኪና፦ ደብረ ብርሃን የሚገጠም፣ ሸዋ ሮቢት የሚፈተን

መኪናውን ለውድድር የሚያዘጋጅ ሰው የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ አካል በብሎኩና በላዩ ክዳን በቴስታታው መካከል የሚገባው ስስ መዝጊያ) ሲቃጠልበት መለዋወጫ ሱቅ ይገባና «ከሁሉም ጠንካራው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ውዱን ያወጣለታል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ስለ ሞተሩ ግን አንድም ነገር አልተነጋገሩም። ጋስኬት ለብቻው ጠንካራ ወይም ደካማ አይባልም። ከላይና ከታች ከሚነኩት ገጾች፣ ከሚያስሩት ብሎኖችና ሞተሩ ከሚጨምቀው አየር ጋር ሲስማማ ይይዛል። ካልተስማማ ባለ አምስት ድርብ ብረትም ቢሆን ያፈስሳል።

የአየሩ ጉዳይ በሰሜን ሸዋ ከብዙ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነስቶ ጣርማ በርን የተሻገረ፣ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ደጋ ላይ በሰላም የሚሠራ ሞተር ቆላ ሲወርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ሌላ ሞተር ይሆናል ማለት ነው። በመጽሐፍና በቪዲዮ የሚገኘው ምክር አብዛኛው የተሰጠው ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እንዳለ ቢቀዳ አንዳንዱ ለእኛ አያገለግልም፣ አንዳንዱ ደግሞ ያሳስታል።

ለምሳሌ የምይዘው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለው ኮሮላ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ 81 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የፒስቶኑ ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር፣ የኮምፕሬሽን ምጣኔው (ፒስቶኑ ታች ሳለ ያለው ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ጋር ሲነጻጸር) 9.5 ለ 1 ነው። ሞተሩ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ስሌቱም ለሌላ ሞተር በቀላሉ ይቀየራል።

ይህ ስስ ወረቀት ምን ይሸከማል?

ቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱ ሲነሳ ግፊቱ ከ50 እስከ 80 ባር ይደርሳል (አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)። 70 ባርን እንውሰድ። በ81 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ ይህ ግፊት ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው በሦስት ቶን ተኩል ያህል ኃይል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲህ ይመታል። ያንን ግፊት አፍኖ መያዝ የጋስኬቱ ሥራ ነው። በዚያው ላይ ከእሳቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ የሚያልፈውን ውሃ ከዘይት፣ ዘይቱን ከውሃ፣ ሁለቱንም ከውጭው አየር መለየት አለበት።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ መንሸራተቱን ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። ቴስታታው 40 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር አሉሚኒየሙ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ልርዘም ይላል፤ የብረቱ ብሎክ ግን ከዚያ ግማሽ ያህል ብቻ። ብሎኖቹ አጥብቀው ስለያዙት ሙሉ በሙሉ አይንቀሳቀስም፤ ግን በእያንዳንዱ መሞቅና መቀዝቀዝ ሁለቱ ገጾች ጋስኬቱን ወዲያና ወዲህ ያሹታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የወረደባት መኪና በማለዳ ተነስታ ሳትሞቅ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ ቴስታታው ቶሎ ይሞቃል፣ ብሎኩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ደጋ ላይ ጋስኬትን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ይህ ጥድፊያ ነው፤ መድኃኒቱም ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ በእርግጥ ተቃጥሏል ወይ?

ስለ ምርጫ ከማውራት በፊት እዚህ ላይ መቆየት አለብን፤ ምክንያቱም ደጋው ራሱ የተቃጠለ ጋስኬት የሚመስሉ ምልክቶችን ይሠራል።

አንደኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። መለኪያው በካንዴላው (ብልጭታ በሚሰጠው) ቦታ ገብቶ የሚያነበው ቁጥር ሞተሩ በሚስበው አየር ላይ የተመሠረተ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 9 ባር አካባቢ ብቻ ያሳያል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ከፍቶ ዝቅተኛውን ልክ ያነበበ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር መታየት ያለበት ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ከሆኑ ሞተሩ ደኅና ነው። ሁለት ጎረቤታም ሲሊንደሮች አምስት አምስት አሳይተው ሌሎቹ ዘጠኝ ከሆኑ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ስስ የጋስኬት ድልድይ ተቃጥሏል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሁለተኛው መፍላት ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ ከ90 ዲግሪ እምብዛም ሳያልፍ ይፈላል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ የኤሌክትሪኩ ማራገቢያ የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተውና ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው ማራገቢያው ከመነሳቱ በፊት ይፈላል። ባለቤቱ «ውሃ ይተፋል፣ ጋስኬት ነው» ይላል፤ ቴስታታው ይወርዳል፣ አዲስ ጋስኬት ይገባል፣ ችግሩ ግን ከክዳኑ ጋር አብሮ ተመልሶ ይገጠማል። 0.9 ባር የሚይዝ ደኅና ክዳን የመፍላቱን ነጥብ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳን የሚለወጠው በጥቂት ብር ነው፤ ቴስታታ ማውረድ ግን ምን እንደሚያስወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አንቱፍሪዝ መጨመሩም ሁለት ጥቅም አለው፤ መፍላቱን ያዘገያል፣ በውርጭ ሌሊትም ብሎኩን ያድናል።

ሦስተኛው በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት መሰል አረፋ ነው። ውሃ ዘይት ውስጥ ገባ ብለን የምንደነግጥበት ምልክት ቢሆንም፣ ብርድ ባለበት ከተማ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ክዳኗ ሥር እንዲሁ ጤዛ ታጠራቅማለች። የዘይት መለኪያው ዱላ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና ውሃው ካልጎደለ አንድ ረጅም ጉዞ አድርጉና እንደገና እዩት።

የማያከራክረው ማስረጃ ራዲያተሩ ውስጥ የጭስ ጋዝ መገኘቱ ነው። ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠው የመፈተሻ ፈሳሽ በአንድ ጋራዥ ከተገኘ እጅግ ጥሩ። ካልተገኘ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳትና ጋዝ ሲሰጥ የማያቋርጥ አረፋ መኖሩን ማየት ይቻላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ክዳን መክፈት ፊትን ማቃጠል ስለሆነ አይሞከርም።

አሮጌው ሲወጣ ወዲያው አይጣል። የተቃጠለበት ቦታ ይናገራል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቴስታታው ጠምዝዟል ወይም ብሎኑ ላልቷል። የእሳት ቀለበቱ ተቀጥቅጦ ወደ ውጭ ከተገፋ ሞተሩ ያንኳኳ ነበር፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት በራሱ ይፈነዳ ነበር፤ ያንን ሳያስተካክል የሚገባ አዲስ ጋስኬት እንደ ቀዳሚው ይሆናል። የውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከበሰበሰ ደግሞ ጥፋቱ የዝገትና የአሮጌ ውሃ ነው። ከድሮ የተረፈ የአስቤስቶስ ጋስኬት ካጋጠማችሁ በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው፣ አርጥባችሁ ፋቁት።

ሦስት ዓይነት፣ ሦስት ጠባይ

ገበያ ላይ የሚገኘው በዋናነት ሦስት ነው። የመጀመሪያው መሐሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ሆኖ ሁለቱን ፊት ግራፋይት ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር የለበሰ፣ የሲሊንደሩ ዙሪያ በብረት ቀለበት የታጠረ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ሻካራ ገጽ ይቅር ይላል፤ ጥቃቅኑን ጭረት ራሱ ይሞላዋል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ከባድ ግፊት ሲደጋገምበት ይሟሽሻል፣ የእሳት ቀለበቱም ከቦታው ይገፋል።

ሁለተኛው ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ ስስ የማይዝግ ብረት ንብርብሮች ያሉት ነው። እያንዳንዱ ንብርብር በሲሊንደሩ ዙሪያ ጎበጥ ያለ መስመር ታትሞበታል፤ ያ መስመር እንደ ሞላ ይተነፍሳል። ቴስታታው በግፊቱ በጥቂት ማይክሮን ቢነሳ ተከትሎት ይነሳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ዘመናዊ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ሞተር በዚህ የሚያወጡት ስለዚህ ነው። ላዩ ላይ ያለው የጎማ ልባስ ግን ከፀጉር የሳሳ በመሆኑ ጭረት መሙላት አይችልም። ገጹ መስታወት ሊመስል ይገባል።

ሦስተኛው ጥፍጥ ያለ የመዳብ ሰሌዳ ነው። ከባድ ቱርቦ ወይም አልኮል ለሚያነዱ የውድድር ሞተሮች የተሠራ ሲሆን እሳትን ለመያዝ ብዙ ጊዜ በብሎኩ ወይም በቴስታታው ላይ ቦይ ተቆፍሮ የብረት ሽቦ ቀለበት ይገባበታል። ውሃና ዘይት ለመያዝ ደግሞ ማጣበቂያ ይፈልጋል። እስኪቀላ አሙቆ በማለስለስ እንደገና መጠቀም መቻሉ ያጓጓል። ዘወትር እየፈታ የሚገጥም ቡድን ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ሰኞ ሥራ ለሚሄድበት መኪና የገጠመው ግን ውሃ እየጠረገ ይኖራል። ለእንደዚህ ዓይነቱ መኪና ከዚህ በላይ ስለ መዳብ ማውራት አያስፈልግም።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ምርጫ የሚወሰነው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ብረት በሚላግበት ቶርኖ ቤት ነው። ሁለት ነገር ይለካል፤ ቀጥነትና ልስላሴ። ቀጥነቱን ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ምላሶች ባሉት መለኪያ) በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ እዩ፤ ለዚህ ሞተር 0.05 ሚሊ ሜትሩ ምላስ በማስመሪያው ሥር ከገባ ቴስታታው መላግ አለበት። ብሎኩንም እንዲሁ ለኩ። ብዙ ጋራዥ ቴስታታውን ብቻ ልጎ ብሎኩን ጨርቅ አስነክቶ ያልፋል፤ ጠምዛዛው ብሎኩ ከሆነ ሥራው ሁሉ ባክኗል።

ልስላሴው ሌላ ነገር ነው። ቀጥ ብሎ የተላገ ገጽ ሻካራ ሊሆን ይችላል። ለስላሳው ጋስኬት ሁለት ማይክሮን አካባቢ ያለውን ሸካራነት ይችላል፤ የብረቱ ንብርብር ግን ከ1.2 ማይክሮን በላይ አይወድም፣ 0.8 ቢሆን ደግሞ ይመርጣል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ጥፍራችሁን በገጹ ላይ በቀስታ ሳቡት፤ የሚይዝ ከሆነ ለብረት ጋስኬት አይሆንም። ባለ ሥራውን «ምን ያህል ላግህ?» ብቻ ሳይሆን «የመጨረሻው ዙር በምን ፍጥነት፣ በምን ስለት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቆጣም።

ቴስታታውን አዲስ አበባ ልካችሁ ካስላጋችሁት በ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ምን እንደሚነካው አስቡ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር ታስሮ የመጣ ቴስታታ ያ ሁሉ ልስላሴው በአንድ ጠጠር ያልቃል። ገጹ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ አስራችሁ ጭኑት።

ገጹን ስታጸዱ ደግሞ በድሪል የሚዞረውን ሻካራ ብሩሽ ተዉት። አሉሚኒየሙን ሳይታወቅ ይቆፍረዋል፣ የሚረግፈው ዱቄትም ከዘይት ጋር ገብቶ የኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ) ኩሽኔታዎች ይበላል። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መፋቂያና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ቱርቦ የሌለው፣ ከፋብሪካው ብዙ ያልራቀ ሞተር ከሆነና የቶርኖ ቤቱን የመጨረሻ ገጽ በእርግጠኝነት ካላመናችሁት ጥሩ የግራፋይት ጋስኬት ግዙ። ሁለቱም ገጽ እንደ መስታወት ከወጣ የብረቱን ንብርብር ግዙ፤ ዕድሜው ይረዝማል። ሻካራ ገጽ ላይ ውዱን የብረት ጋስኬት ማስቀመጥ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም እሱ ነው።

ውፍረት፣ ኮምፕሬሽንና ቆላ

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ደርሰናል። አንዱ ሲሊንደር 397 ሲሲ ያህል ይይዛል። ምጣኔው 9.5 እንዲሆን ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 46.7 ሲሲ ነው። የጋስኬቱ ቀዳዳ 82 ሚሊ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ግማሽ ሲሲ ከምናምን ይይዛል። አሮጌው ተጨምቆ 1.2 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። በ0.8 ከለወጥነው የሚቀረው ቦታ ወደ 44.6 ይወርዳል፣ ምጣኔው 9.9 ይሆናል። በ1.8 ከለወጥነው ደግሞ ወደ 9 ይወርዳል። ቴስታታው 0.3 ሚሊ ሜትር ከተላገ አንድ ሲሲ ተኩል ያህል ስለሚጠፋ ምጣኔው ጋስኬቱ ሳይነካም በራሱ ይጨምራል። ቴስታታው ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተልጎ ከሆነ የሞተሩ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው 9.5 ከእንግዲህ የእናንተ ሞተር ቁጥር አይደለም።

ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ይደክማል፤ በአንጻሩ የማንኳኳት አደጋው ይቀንሳል። ይህን ያዩ አንዳንድ ብልሆች ስስ ጋስኬት ያስገባሉ፣ ቴስታታውን ያስልጋሉ፣ ምጣኔውን ወደ አሥር ተኩል ወይም አሥራ አንድ ያወጣሉ። ደጋው ላይ መኪናው ይበራል፤ በተለመደው ቤንዚን ምንም ድምፅ አይሰማም። ሐሳቡ ስሕተት አይደለም፤ መኪናው ከደጋው ካልወረደ ትክክል ነው።

ውድድር ግን ሜዳው ያለበት ቦታ ነው የሚካሄደው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነች፤ ድሬዳዋ ከዚያም ዝቅ ትላለች። እዚያ ሲደርስ ያው ሞተር አንድ አምስተኛ የጨመረ ግፊት ያለው፣ በዚያ ላይ የሞቀ አየር ይስባል። ሙቀቱ የአየሩን እፍጋት በጥቂቱ ቢቀንስም ለማንኳኳት ግን ነዳጅ ይሆነዋል። ቤንዚኑ በካንዴላው ብልጭታ ሥርዓት ይዞ መንደድ ሲገባው የቀረው ጋዝ በራሱ ይፈነዳል፤ ግፊቱ በቅጽበት ይሾላል፤ መጀመሪያ የሚመታውም የጋስኬቱ የእሳት ቀለበት ነው። ከዚያ «ጋስኬቱ ደካማ ነበር» ይባላል። በጣም ጠንካራ ጋስኬት ቢገባ ኖሮስ? ቀጥሎ የሚሰበረው የፒስቶኑ ፋሻ መያዣ ነበር፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ የጋስኬት ዋጋ አይደለም።

ስለዚህ ውፍረቱ የሚመረጠው መኪናው ለሚያድርበት ቦታ ሳይሆን ሙሉ ጋዝ ለሚሰጠው ዝቅተኛውና ሞቃቱ ቦታ፣ እዚያ በሚገኘው ቤንዚን ነው። ለምሳሌያችን ሞተር ቆላ የሚወርድ ከሆነ ቴስታታው በተላገበት ልክ ወፍራም ጋስኬት ወስዶ ወደ 9.5 መመለስ አስተዋይነት ነው። ደጋ ላይ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ትንሽ መሳሳት ይቻላል።

መሳሳቱም ወሰን አለው። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው ጠፍጣፋ ጠርዝ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መቅረት አለበት፤ በከፍተኛ ዙር ቢየላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ይሳባል፣ ፒስቶኑም ይወዛወዛል። ለማወቅ አጭር የስታኞ (ለስላሳ የመበየጃ) ሽቦ ከፒስቶኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ቴስታታውን በአሮጌው ጋስኬት ማሰር፣ ኮሎውን በእጅ አንድ ዙር ማዞር፣ ከዚያ የተጨፈለቀውን ሽቦ በካሊፐር መለካት ይበቃል። መወፈርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ያ ጠርዝ ሲሰፋ አየሩ በደንብ ሳይታመስ ይቀርና ምጣኔው ወርዶ እንኳ ሞተሩ ማንኳኳት ሊቀናው ይችላል። ስለዚህ ከመጠን በላይ የተላገን ቴስታታ በወፍራም ጋስኬት ማዳን አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ሁለት ጋስኬት ደራርቦ ማሰር ግን ጨርሶ የማይታሰብ ነው። የቴስታታው ከፍታ ሲለወጥ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊዜም በጥቂቱ ስለሚዛነፍ የቀበቶው ምልክት ታስሮ ሲያልቅ እንደገና ይታያል።

ቱርቦ ላለው ነገሩ ይለያል። ቱርቦው ደጋው የነፈገውን አየር ራሱ አስገድዶ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚሰጠው ጥበቃ አነስተኛ ነው፤ የብረት ንብርብር ጋስኬትና ጠንካራ ስታድ (በብሎን ፈንታ የሚገባ ባለ ዳዶ ዘንግ) ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ሱቁ ላይ

«ጋሼ፣ የኮሮላ ጋስኬት ስጡኝ» ብሎ የገባ ልጅ የኮሮላ ጋስኬት ይዞ ይወጣል፤ የእሱ ሞተር ስለመሆኑ ግን ማንም ዋስትና የለውም። የሞተሩን ኮድ ጽፋችሁ፣ ከተቻለ አሮጌውን ጋስኬት ይዛችሁ ሂዱ። በጋስኬቱ ላይ ያለው የሲሊንደር ቀዳዳ ከሲሊንደሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይገባል። ሞተሩ ተፈልፍሎ 81.5 ወይም 82 የሆነ ከሆነ የፋብሪካው ጋስኬት ቀለበት ወደ እሳቱ ብቅ ሊል ይችላል፤ ብቅ ያለው ጠርዝ ይግልና ቤንዚኑን ያለ ካንዴላ ያቀጣጥለዋል።

የጋስኬቱ የውሃ ቀዳዳ ከብሎኩ ቀዳዳ ቢያንስ አትደንግጡ፣ በመቀስም አታስፉት። ውሃው የኋለኞቹ ሲሊንደሮች ድረስ እኩል እንዲደርስ ሆን ተብሎ የተመጠነ ነው። ውፍረትን በተመለከተ ደግሞ ለስላሳው ጋስኬት ገና ሳይታሰር ሲለካ ወፍራም ነው፤ የሚቆጠረው ተጨምቆ የሚቀረው ነው፣ እሱም በማሸጊያው ላይ ወይም በአሮጌው ጋስኬት ላይ ይገኛል። ዲዝል ለሚነዱ አንባቢዎች፦ በብዙ የዲዝል ሞተሮች ላይ በጋስኬቱ ጠርዝ ያለው የጥርስ ወይም የቀዳዳ ምልክት ውፍረቱን ይናገራል፤ የሚመረጠውም ፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ የሚወጣበት ልክ ተለክቶ ነው።

የተጣጠፈ፣ በምስማር ተሰቅሎ የከረመ፣ ልባሱ የተቧጨረ የብረት ጋስኬት በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ማሰር

አሥሩ ብሎኖች የሚሰጡት ጭብጥ ከሌለ ይህ ሁሉ ምርጫ ከንቱ ነው። በቶርክ ሬንች ከምናጠብቅበት ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን የሚበላው ሰበቃ ነው፤ ለመጨበጥ የሚተርፈው አሥር በመቶ ገደማ ነው። የዛገ ጥርስ ያለው ብሎን ሬንቹ «ደረሰ» ቢልም ገና አልጨበጠም። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ጥርሱንና የራሱን ሥር በቀጭኑ ዘይት ቀቡ። የብሎኩ ቀዳዳ ውስጥ ግን ዘይት ወይም ውሃ ተጠራቅሞ አይቅር፤ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ዲግሪ ተቆጥሮ የሚጠብቅ ብሎን ተስቦ የሚሠራ ስለሆነ ከረዘመ ወይም አንገቱ ከቀጠነ ይለወጥ። ቅደም ተከተሉ ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ መጠኑንና ደረጃውን ከዚያው ሞተር መጽሐፍ ውሰዱ፣ ከሌላ ኮድ አትዋሱ።

ሲሊኮን፣ ቀለም፣ ግራሶ የመሳሰሉትን በጋስኬቱ ላይ መቀባት ልማድ ሆኗል። አምራቹ ካላዘዘ ተዉት። ልባስ ያለው የብረት ጋስኬት ደርቆ ነው የሚገባው፤ የሲሊኮኑ ትርፍ ደግሞ ተቆርጦ የዘይት መንገድ ሲዘጋ አይታይም። ላይና ታቹን የሚለየው ጽሑፍ ወደ ላይ መዞሩን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ የገባ ጋስኬት የዘይት ቀዳዳውን የሚደፍንባቸው ሞተሮች አሉ።

አንዳንድ ለስላሳ ጋስኬት ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ይፈልጋል፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። የብረቱ ንብርብር አይፈልግም።

ሞተሩ ከተነሳና የተጠመደው አየር ከውሃው ከወጣ በኋላ ፈተናው ዳገቱ ላይ ነው። በተዘጋ ሜዳ ካልሆነ ፍጥነት አይፈተንም፤ የጣርማ በር መንገድ ጉምና ከባድ መኪና የበዛበት የሕዝብ መንገድ ነው። ለማንኳኳት ግን ፍጥነት አያስፈልግም፣ ጭነት እንጂ። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ፣ በቀን ሙቀት፣ በሕጋዊ ፍጥነት ወደ ደብረ ሲና የሚወጣውን ዳገት በከፍተኛ ማርሽና በብዙ ጋዝ ጀምሩት። ሬዲዮው ይዘጋ። ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ያለ ድምፅ ከተሰማ ጋዙን ወዲያው ቀንሱ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጉ፣ የብልጭታውን ጊዜ በሁለት ዲግሪ አዘግዩና ድገሙት። ባይሰማም ደብረ ሲና ላይ ቁሙና ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ነጩን ሸክላ በደማቅ ብርሃን እዩ። የበርበሬ ፍሬ የመሰሉ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ካሉ ሞተሩ ጆሮ በማይሰማው መጠን እያንኳኳ ነው፤ ብልጭታውን አዘግዩ፣ ያም ካልበቃው ቴስታታው እንደገና ይወርድና ወፍራሙ ጋስኬት ይገባል። ሸክላው ንጹሕ ከሆነ የብልጭታው ጊዜ ባለበት ይቆይ።